የሰባተኛው ፓምፕ ቤት ሰሌዳ

በሳጋ ሜዳ የውሃ እጥረት የለም፤ ችግሩ ውሃው ከማሳው በታች መሆኑ ነው። ቦዮቹ በየጓሮው፣ በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ በየመካነ መቃብሩ ዳር ያልፋሉ። ሩዙ ግን ከውሃው ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ በየሰፈሩ ጫፍ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ትንሽ የፓምፕ ቤት አለ፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ይሰቀላል። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ፓምፑ ሲቆም የሚጠራው ሰው ስም ነው። በምሥራቁ ወገን ባሉት ሃያ ሦስት የፓምፕ ቤቶች ለአርባ ሦስት ዓመት ተጽፎ የኖረው ስም አንድ ነበር፤ ሙታ ዘንጂ።

ኤጉቺ ቺሳቶ ከነዚህ ሰሌዳዎች በአንዱ ላይ ስሟን ለማስጻፍ ሦስት ዓመት ለፍታለች። ከዚያ በፊት ሥራዋ ሌላ ነበር። ለአሥራ ሰባት ዓመት ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ ከአስጎብኚ አውቶቡስ ሾፌር ጎን ቆማ፣ በስተግራ ያለውን ቤተ መቅደስና በስተቀኝ ያለውን ተራራ ለመንገደኛ ስታሳይ ኖራለች። ድምፅዋ የጠራ ነው፤ ከኋለኛው ወንበር የተኛ ሰው እንኳ ሳይነቃ ይሰማዋል ይባል ነበር። ኩባንያው አንድ ቀን ድምፅዋን ቀዳ፤ ድምፅዋን አስቀርቶ እሷን አሰናበተ። በአርባ ዓመቷ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ሺጌኖ ዘንድ ተመለሰች። ሺጌኖ በበጋ ገብስ፣ በክረምት ሩዝ ያበቅላሉ። ልጃቸውን ከበር ላይ አይተው ያሏት ይህን ብቻ ነው፦ «ጥሩ ጊዜ መጣሽ፤ ትራክተሩን የሚነዳ ሰው አጥቼ ነበር።»

ወደ ፓምፕ ሥራ የገባችው በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው። ሩዙ ሊያዘረዝር ሲል የሰፈራቸው ፓምፕ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሙታ በትንሿ ጭነት መኪናቸው መጡ። ሙታ ያኔ ሰባ ሊሆናቸው ምንም አልቀራቸው። የፓምፕ ጠጋኝ ሁሉ ረጅም ቀጭን የማዳመጫ ብረት አለው፤ አንዱን ጫፍ ዘንጉ በሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከውስጥ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ሙታ ግን ብረቱን ጆሯቸው ላይ አላደረጉም። ነከሱት። ጆሯቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ ድምፁን በጥርሳቸው ነበር የሚሰሙት፤ በየሰፈሩ ያሉ ልጆችም «ፓምፕ የሚበሉ ሽማግሌ» ይሏቸዋል።

ዙሪያውን የቆመው ገበሬ ሁሉ አስተያየት ነበረው።

«ይጮኻል።»

«አይጮኽም፣ ያቃስታል እንጂ።»

«እኔ እንደ ሳል ነው የሚሰማኝ።»

ቺሳቶ ከኋላ ሆና «በየሦስተኛው ዙር አንድ ጊዜ ያንኳኳል» አለች። «ከሞተሩ በኩል ሳይሆን ከወዲያኛው ጫፍ። ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።»

ሙታ ብረቱን ከአፋቸው አወጡ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የሺጌኖ።»

«ሥራሽ ምን ነበር?»

«የአውቶቡስ አስጎብኚ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞተር ላይ ቆሜአለሁ። ሊበላሽ ሲል ለሾፌሮቹ እነግራቸው ነበር።»

«ይሰሙሽ ነበር?»

«መንገድ ላይ ከቆምን በኋላ፣ አዎ።»

ሙታ ሳቁና የወዲያኛውን ጫፍ ከፈቱ። ኩሽኔታው እንደ ተበላ ጥርስ አንድ ቦታ ላይ ተቦርቡሯል። በሳምንቱ ቺሳቶ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ በሙታ ጋራዥ ተገኘች።

እናቷ ሲሰሙ ገብስ ያበጥሩ ነበር። «በአርባ ዓመትሽ ተለማማጅ? እኩዮችሽ እኮ ልጆቻቸውን ሊድሩ ነው።»

«እኔም ፓምፕ እድራለሁ፣ እማ።»

«ጥሎሽ እንዳትረሺ ታዲያ» አሉ እናቷ፤ ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ዓመት በቡሎን አለቀ። ሙታ ሲፈቱ እሷ ትቀበላለች፤ ጋዜጣ ዘርግታ እያንዳንዱን ቡሎን ከነዳዶው በፓምፑ ላይ በነበረበት ቦታና ተራ ትደረድራለች፣ ታጥባለች፣ ግራሶ ትቀባለች። አንድ ቀን ነፋስ መጥቶ ጋዜጣውን ገለበጠው። ሃያ አራቱም ቡሎኖች ተደባለቁ። ሙታ የራሳቸውን የምሳ ሳጥን ከፍተው ቁጭ አሉ። ቺሳቶ ከእያንዳንዱ ቡሎን ጥርስ ላይ ያለውን ዝገት ከቀዳዳው ዝገት ጋር እያስተያየች ሁሉንም ቦታቸው ስትመልስ ጀንበር ልትጠልቅ ደረሰች። «አሁን ቡሎን አየሽ» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ በጋዜጣው አራት ማዕዘን ድንጋይ ታስቀምጣለች።

የሁለተኛው ዓመት ትምህርቷ ከጠብታ ነበር። ዘንጉ ከፓምፑ በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን በቅባት የተነከረ ገመድ ይታሸጋል። ቺሳቶ ገመዱን በመጀመሪያ ስታሽግ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ አድርጋ አጥብቃ አሠረችው፤ በኩራት ወደ ሙታ ዞረች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ገመዱ ጨሰ።

«የማያለቅስ ፓምፕ ይቃጠላል» አሉ ሙታ። «በአንድ ትንፋሽ አንድ ጠብታ። ያ ነው ልኩ።»

«ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም ነበር?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር። ብታቃጥዪው ግን አትረሺውም።»

ከሁሉ በላይ ሙታ የማያልፉት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛው እያንዳንዱን ነገር በጣቱ እያመለከተ፣ ስሙንና ሁኔታውን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ «ዮሺ!» ይላል፤ ደህና ነው ማለት ነው። የባቡር ነጂው ያደርገዋል፣ የፋብሪካው ሰው ያደርገዋል፣ መንገድ የሚያሻግረው የትምህርት ቤት ዘበኛም ያደርገዋል። ጣት የሄደበት ዓይን ይሄዳል፣ አፍ የጠራውን ልብ አይስተውም ነው ነገሩ። ሙታ ሲያደርጉት ጥርሳቸው ውስጥ ያጉረመርሙታል። ቺሳቶ ስታደርገው ግን የአሥራ ሰባት ዓመቱ ድምፅ ከእግሯ ጣት ጀምሮ ይነሳል። ክንዷ ይዘረጋል፣ አንገቷ ቀና ይላል፤ «የመምጠጫ መረብ፣ ንጹሕ፣ ዮሺ!» ስትል ማሳ ማዶ ያለው ሰው ቀና ብሎ ያያል።

«እዚህ መንገደኛ የለም» ይሏት ነበር ሙታ።

«ፓምፑ እንዲሰማ ነው፣ ሙታ ሳን።»

«ፓምፑ ይሰማል። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

የተናገሩት በቀልድ ቢሆንም እውነት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ማብቂያ ሙታ በጥርሳቸውም መስማት አቃታቸው፤ ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርስ አስተክለው ነበርና የብረቱ ንዝረት አልደርስ አላቸው። ፓምፖቹን ወደሚያስተዳድረው የውሃ ማኅበር ቢሮ ሄደው ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንደማይሠሩ ተናገሩ፤ በምትካቸውም ቺሳቶን ሰጡ። ቢሮው አልጠላም፣ አልወደደምም። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ድርጅት ሥራውን ሊወስድ ተዘጋጅቶ ነበር። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ቺሳቶ ትልቁን ሰባተኛውን ፓምፕ ብቻዋን ፈትታ ትግጠም፤ በውሃ መልቀቂያው ቀን በገበሬዎቹ ፊት ራሷ ታስነሳው። የሰባተኛው የውሃ አባት ስሟን ከሰሌዳው ላይ ከጻፈ ሌሎቹ ሃያ ሁለቱ ይከተላሉ። ካልጻፈ ሥራው ወደ ከተማው ድርጅት ይሄዳል፣ የሙታም ጋራዥ ይዘጋል።

የሰባተኛው የውሃ አባት ሶኤጂማ ናቸው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የአራት ሰፈር ውሃ በእሳቸው ቃል ይከፈታል፣ በእሳቸው ቃል ይዘጋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን አዲስ የሩዝ ዘር እንኳ ጎረቤታቸው ሦስት ዓመት ዘርቶ ካላዩ አይነኩም። ቺሳቶ ከሙታ ጋር ልታናግራቸው ስትሄድ ከግቢያቸው ችግኝ ያጠጡ ነበር።

«አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ?»

«ነበርኩ።»

«እኔ የውሃ አባት ከሆንኩ ወዲህ በሰባተኛው ሰሌዳ ላይ የሌላ ሰው ስም አልጻፍኩም። አባቴም አልጻፈም።» የማጠጫውን ላስቲክ ወደ ሌላው ችግኝ አዞሩ። «ሰኔ አሥራ ሁለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ውሃ ካየሁ ብሩሼን አመጣለሁ። ካላየሁ ብሩሼ ቤቱ ይቀራል።»

«ደረቅ ሰው ነው» አሉ ሙታ ሲመለሱ። «ግን ብሩሹ እውነተኛ ነው።»

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። ሙታ ከተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሁለቱን እጆቻቸውን ከመቀመጫቸው ሥር አድርገው ያዩ ነበር፤ ካልተቀመጡባቸው እጆቻቸው በራሳቸው ይነሳሉና። ቺሳቶ ሞተሩን አውርዳ ወደ ጋራዡ አመጣችው፤ አቧራውን አወጣች፣ ኩሽኔታዎቹን ቀየረች፣ መልሳ ወስዳ በቦታው አስቀመጠችው። የፓምፑን ሆድ ከፈተች፣ ውስጡን ፋቀች፣ ውሃ እንዳያሾልክ አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጣ አለበሰች። ቡሎኖቹን አንዱን ከዚህ፣ ተቃራኒውን ከዚያ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያለች አጠበቀች። ገመዱን አሽጋ ለዕንባው ቦታ ተወች። በመጨረሻ የሞተሩን ሦስት የመብራት ሽቦዎች በየቡሎናቸው አሠረችና ክዳኑን ዘጋች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ማስነሳት። በየፓምፕ ቤቱ መብራት የሚገባው ለመስኖው ወራት ብቻ ነው፤ የሰባተኛው መስመር የሚቀጠለው በዚያው በሰኔ አሥራ ሁለት ማለዳ ነበር። እስከዚያ ድረስ ቺሳቶ ፓምፑን በእጇ እያዞረች ማዳመጥ ብቻ ነው የቻለችው።

በቀጠሮው ቀን ዝናብ አልነበረም። ገብሱ ከታጨደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ማሳው ታርሶ ደርቆ ይጠብቃል። የችግኝ ሳጥን የተደረደረባቸው ትንንሽ ጭነት መኪኖች በቦዩ ዳር ተሰልፈዋል። አርባ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም አንድ ክፍል ልጆች ከነመምህራቸው መጥተዋል። ሶኤጂማ በቦዩ ዳር ላለው የውሃ አምላክ ድንጋይ ጨውና ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ አቀረቡ፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። ሺጌኖ የሩዝ ድቡልቡል በትልቅ ትሪ ይዘው ቆመዋል። ከጎናቸው ያለችው ሴት አንድ ልታነሳ ስትል እጇን መቷት።

«ውሃው ይቅደም።»

ቺሳቶ አዲስ ነጭ ጓንት አጥልቃ ነበር። ከፓምፑ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«የመምጠጫ መረብ፣ ንጹሕ፣ ዮሺ!»

ድምፅዋ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተመልሶ ወጣ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ግራሶ፣ ሙሉ፣ ዮሺ!»

ከልጆቹ አንዷ በቀስታ «ዮሺ» አለች። መምህሯ አልከለከሏትም።

«የፓምፑ ሆድ፣ ውሃ ሞልቷል፣ ዮሺ!»

«ዮሺ!» አሉ አምስት ስድስት ልጆች።

«የመልቀቂያ ቫልቭ፣ ዝግ!»

«ዮሺ!» አለ ክፍሉ በሙሉ፤ ከኋላ ያሉት ገበሬዎችም ሳቅ እያሉ ተቀላቀሉ። ቺሳቶ ፊቷ በራ። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዋ እንዲህ የሚቀበላት መንገደኛ ገጥሟት አያውቅም። ክንዷ ከዜማው ጋር ወደሚቀጥለው ነገር ሄደ፤ በፓምፑ ሆድ ላይ በቀይ ቀለም ወደ ተቀባው ቀስት።

«የመዞሪያ አቅጣጫ፣ ትክክል!»

«ዮሺ!»

«ሰው፣ ርቋል!»

«ዮሺ!»

ማብሪያውን ጫነች። ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ ለስላሳና እኩል ነበር። ቫልቩን ቀስ እያለች ከፈተች። ሰው ሁሉ ከፓምፕ ቤቱ ወጥቶ ከማሳው ራስ ወዳለው ትልቅ የቱቦ አፍ አንገቱን ሰገገ።

ከቱቦው አፍ በመጀመሪያ አየር ወጣ። ቀጥሎ አንዲት የሸረሪት ድር የምታህል ውሃ ወጣች፤ አገጩ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ሲሚንቶው ተንጠባጠበች። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለ አንድ ልጅ።

ሶኤጂማ ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይላል።

ያን ጊዜ ሙታ ከሳጥናቸው ብድግ አሉ። «አረም ነው!» ብለው ጮኹ። በአርባ ሦስት ዓመት ሥራቸው የአንድ ፓምፕ በሽታ እንዲህ በፍጥነት አውቀው አያውቁም። «መረቡን አረም ይዞታል! ግቡና አውጡ!»

ሶኤጂማ ለውሃው ሲሉ የማያደርጉት የለምና ወዲያው የግራ ጫማቸውን አወለቁ፤ የዚያኑ እግር ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ።

ቺሳቶ ግን የማዳመጫ ብረቷን አነሳች። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ ሰማች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ሞተሩን አጠፋችና ዘንጉን ማየት ጀመረች። በፍጥነት ሲዞር ዘንግ ምንም አይናገርም፤ ሲቆም ግን እየዘገየ ይመጣል። በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ራሷ የቀባቻት ነጭ ምልክት ከቀኝ ወደ ግራ አለፈች። እንደገና ከቀኝ ወደ ግራ አለፈች፤ ቆመች። ቀዩ ቀስት ከግራ ወደ ቀኝ ያመለክታል።

ፓምፑ የዞረው ወደ ኋላ ነበር። ሽቦዎቹን ስታስር ሁለቱን አለዋውጣቸዋለች። ማብሪያውን ለቅጽበት ነክታ ዘንጉ ወዴት እንደሚዞር ማየት ነበረባት፤ እሷ ግን ጣቷን የቀሰረችው ቀስቱ ላይ ነው። ቀስት ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ተቀብቷልና።

ቀና ስትል ሙታ እያዩዋት ነበር። በዓይናቸው ወደ ቦዩ ጠቆሟት። ነገሩ ገባት። ሰዎቹ አረም ሲጎትቱ እሷ ክዳኑን ከፍታ ሽቦውን ብታዞር ማንም አያውቅም፤ ሶኤጂማም ብሩሻቸውን ያመጣሉ። ጓንቷን ወደ እጅ አንጓዋ ሳብ አደረገች።

ክንዷን ዘርግታ ወደ ዘንጉ አመለከተች። ድምፅዋ እስከ ኋለኛው ወንበር የሚደርሰው ድምፅ ነበር።

«የመዞሪያ አቅጣጫ፣ ግልብጥ! ሽቦውን ያሠርኩት፣ እኔ! ሳላይ ትክክል ነው ያልኩትም፣ እኔ!»

ልጆቹ ልማድ ሆኖባቸው በአንድ ድምፅ «ዮሺ!» አሉ።

ሳቁ ከኋላ ጀመረ፤ እስከ ቦዩ ማዶ ደረሰ። ቺሳቶ ራሷ ሳቋን መግታት አቃታት፤ ዓይኗ ግን ዕንባ ሞልቶ ነበር። አንድ እግራቸው ባዶ፣ አንድ እግራቸው በጫማ ያለ ሶኤጂማ ብቻ አልሳቁም።

«ምን ማለት ነው? አስረጂኝ።»

«ሦስት ሽቦ አለ። ሁለቱን ቦታ ካለዋወጥኳቸው በትክክል ይዞራል። አረም የለም፣ ሶኤጂማ ሳን። እግርዎን ይሸፍኑ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አምስት ደቂቃ።»

«አምስት ደቂቃ» አሉ ሶኤጂማ፤ ቃሉን እንደ ሰው ስም ቀስ አድርገው ደገሙት። እግራቸውን አልሸፈኑም።

ቺሳቶ ዋናውን መብራት አጥፍታ «በሥራ ላይ» የሚለውን ካርድ ሰቀለችበት። ክዳኑን ከፈተች፣ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጠች፣ አጠበቀች፣ ዘጋች። ከዚያ ልጆቹን በአንድ በኩል አሰለፈቻቸው። «አሁን እናንተ ናችሁ የምታዩልኝ። ቀስቱን አይደለም። ነጯን ምልክት።» ማብሪያውን ለቅጽበት ነክታ ለቀቀች። ምልክቷ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ በሩ!»

«ቀስቱስ?»

«ወደ በሩ!»

«የመዞሪያ አቅጣጫ፣ ዘንጉ፣ ትክክል!»

«ዮሺ!»

በዚህኛው ጊዜ ቫልቩን ስትከፍት ቱቦው አስቀድሞ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ እንደ በሬ አጓራ። ከዚያ ውሃው ወጣ፤ ከአፉ ሙሉ ሆኖ፣ ቡናማና ወፍራም፣ ሲሚንቶውን ደብድቦ ወደ ላይ እየተረጨ። ልጆቹ ቱታቸው እስኪርስ ቀረቡት። አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ካርፕ የተባለ ዓሣ አብሮ ወጥቶ በቦዩ ራስ ላይ ዘለለ፤ ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ተሯሯጡበት። ሺጌኖ ትሪውን ወደ ፊት ገፉት። «አሁን ብሉ!» አሉ፤ ራሳቸው ግን አልበሉም፤ ፓምፕ ቤቱ ገብተው ከዘንጉ ሥር ቁጢጥ ብለው ከገመዱ የሚንጠባጠበውን ይቆጥሩ ነበር። በአንድ ትንፋሽ አንድ ጠብታ። ልጃቸው እራት ላይ ስታወራው ሰምተዋል።

ሶኤጂማ ውሃውን አላዩትም ማለት ይቻላል። ወደ ሙታ ሄዱ።

«ሙታ ሳን።»

«እሺ።»

«እኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ሰባተኛው ፓምፕ ውሃ እምቢ ያለበት ቀን ነበር።»

«አላስታውስም።»

«ሞተሩ ከእርስዎ ጋራዥ የተመለሰ ሰሞን ነበር።»

«ሞተር ሁልጊዜ ከጋራዥ ይመለሳል፣ አንተ ሶኤጂማ።»

«አረም ነው አሉን። ስድስት ጎረምሳ እስከ ብብታችን ገባን። እኔ ሚስት ካገባሁ ስምንት ቀኔ ነበር። አልቅት በሦስት ቦታ ያዘኝ። እስከ ቀትር አረም ስንጎትት ቆየን። ከዚያ እርስዎ፣ ‹ደክሟችኋል፣ ሂዱና ምሳ ብሉ› አሉን።»

«ደክሟችሁ ነበራ!»

«በልተን ስንመለስ ውሃው ይወርዳል።»

«አረሙ ወጥቶ ነበራ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው ትላለች ልጅቷ።»

«እ? አልሰማሁህም። ይህ ጆሮዬ እኮ…»

ሶኤጂማ ዞረው የማዳመጫ ብረቱን ከቺሳቶ እጅ ተቀበሉ። አንዱን ጫፍ ለሙታ አቀበሏቸው። ሙታ ከልማድ ብዛት፣ ሳያስቡት፣ ነከሱት። ሶኤጂማ በሌላው ጫፍ አፋቸውን አስጠግተው በቀስታ ጠየቁ፦

«አረም ነበር ወይስ ሽቦ?»

አርባ ሰው ወደ ብረቱ ተጠጋ። የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ሽቦ» አሉ ሙታ፣ ብረቱን እንደ ነከሱ።

በዚያ ቀን የነበረው ሳቅ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሶኤጂማም ሳቁ፤ ሲስቁ ድምፅ አይወጣቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚናወጠው፤ ቆመው መሳቅ ስላቃታቸው በሙታ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። የትከሻቸው መናወጥ ጋብ ሲል ጣታቸውን ወደ ቦዩ ቀሰሩ።

«አረም አለ፣ ሙታ ሳን?»

«መቼም አይጠፋም» አሉ ሙታ። ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፣ መንሽ ለምነው ተቀበሉ፣ ከመረቡ አጠገብ ባለው ደረጃ ወርደው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። አንድ ክንድ ሙሉ አረም ጎትተው ዳር ላይ ጣሉ። «ይኸው፣ ጨረስኩ።»

«ገና ጠዋት ነው» አሉ ሶኤጂማ ከላይ ሆነው። «እኛ እስከ ምሳ ነው የቆየነው።»

«አልቅት ያዘኝ።»

«ሁለት ይቀርዎታል።»

ቺሳቶ የገብስ ሻይ ቀድታ ለሙታ በደረጃው አቀበለቻቸው። ሙታ ጠጥተው ኩባያውን ሲመልሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለምን ተናገርሽ?» አሏት። «መንገድ ጠርጌልሽ ነበር እኮ።»

«ባልናገር ኖሮ በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ አረሙን ሳይ እፈራ ነበር» አለች ቺሳቶ።

ሙታ አንድ የአረም ዘለላ ከክንዳቸው ላይ አነሱ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «እኔ አርባ አንድ ዓመት ፈርቻለሁ።» ተመልሰው መንሻቸውን አነሱ፤ ጀርባቸው ግን ከወትሮው ቀና ብሎ ነበር።

ሶኤጂማ ብሩሻቸውን ለማምጣት ወደ ቤት መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ከጠዋቱ ጀምሮ በመኪናቸው ውስጥ ነበር፣ ከነቀለሙ። ይህን ያየችው ሺጌኖ የመቷት ሴት ናት፤ ለሰፈሩ ሁሉ የነገረችውም እሷው ናት። ሰሌዳውን ከበሩ ጀርባ አውርደው ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። በሳጥኑ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸው አሁንም ባዶ፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ በትንፋሻቸው እፍ እያሉ ለማንም አላሳዩም። ከዚያ መልሰው ሰቀሉት።

ከዚያ ሰኔ ወዲህ ሌሎቹ ሃያ ሁለቱ የፓምፕ ቤቶችም ሰሌዳቸውን ቀይረዋል፤ ቺሳቶም ፓምፕ ስታስነሳ የየሰፈሩ ልጆች ተሰልፈው ነጯን ምልክት ያዩላታል። የሰባተኛው ሰሌዳ ግን ከሁሉም ይለያል። የድሮውን ስም ሶኤጂማ አልፋቁትም። ከላዩና ከጎኑ ብቻ ነው የጨመሩት፤ በወፍራም ጥቁር ብሩሽ፣ በሁለት መስመር እንዲህ ይነበባል፦

ፓምፑ ሲቆም፣ ኤጉቺ ቺሳቶ።

አረም ሲበዛ፣ ሙታ ዘንጂ።